ሐቀኛው ገጸ ባሕርይ እንዴት ይፈርማል?

ጥያቄ፦ «የመጀመሪያ ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ሰሎሞን ይባላል፤ ቄስ አያቱ ያሳደጉት፣ ውሸት የማያውቅ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግዢ ክፍል ይቀጠራል። እስከ ስምንተኛው ምዕራፍ ሐቀኛ ነው። በዘጠነኛው ምዕራፍ፣ 20 ገጽ በፈጀ ትዕይንት፣ አለቃው አስፈራርቶትና ሹመት አሳይቶት ለአንዲት የወረዳ ከተማ በሚገዛ የውሃ ፓምፕ ጨረታ ላይ የተጭበረበረ ቃለ ጉባኤ ይፈርማል። በዐሥረኛው የክፍሉ ኃላፊ ይሆናል። ያነበቡልኝ ሰዎች ሁሉ ‹አላመንነውም› አሉኝ። አልፈርምም የምትለው ባልደረባው ሕይወት ደግሞ አሰልቺ ሆነችብን አሉ። ምን ጎድሎኝ ነው? መጨረሻ ላይስ ሰሎሞን መታሰር አለበት?»

ምላሽ፦

ችግሩ ያለው ከዘጠነኛው ምዕራፍ በፊት ነው፤ ስለዚህ እሱን ምዕራፍ ለጊዜው ወደ ጎን ያድርጉት። ስምንት ምዕራፍ ሙሉ ሰሎሞን ሐቀኛ መሆኑን ተራኪው ይነግረናል፤ አያቱ ይነግሩናል፤ ጎረቤት ይመሰክርለታል። እሱ ራሱ ግን በሐቀኝነቱ ምክንያት አንድ ብር ሲከስር፣ ከአንድ ሰው ጋር ሲቃቃር፣ አንድ ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ አላየነውም። እንዲህ ያለው ሐቀኝነት ለአንባቢ ወሬ ነው። ወሬ ሲፈርስ ደግሞ ማንም አይደነግጥም፤ «ድሮስ መቼ ነበረ?» ይላል እንጂ።

ልብ ወለድ አስተምራለሁ፤ የሌሎችንም ረቂቅ አርማለሁ። ከሚደርሱኝ ረቂቆች ብዙዎቹ የእርስዎን ዓይነት ታሪክ ይዘው ነው የሚመጡት፤ ለሹመት ወይም ለእንጀራ ብሎ ያመነበትን የሚተው ሰው። አይገርመኝም፤ ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው ያውቃል። የሚያንገበግበኝ ግን ይህን የመሰለ የሁላችንም ጉዳይ በልብ ወለዶቻችን ውስጥ በአንድ የማስፈራሪያ ንግግርና በአንድ ፊርማ ሲያልቅ ነው። ስለዚህ ምላሼ ቢረዝም ይታገሱኝ።

እርስዎ የያዙትን ታሪክ እስከ ጥጉ የሠራው ናይጄሪያዊው ቺኑዋ አቼቤ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960፣ አገሩ ነፃነቷን ባገኘችበት ዓመት ባሳተመው «ኖ ሎንገር አት ኢዝ» በተባለው ልብ ወለድ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኦቢ ኦኮንክዎ የትውልድ መንደሩ ማኅበር ባበደረው 800 ፓውንድ እንግሊዝ አገር ተምሮ ወደ ሌጎስ ይመለሳል። የነፃ ትምህርት ዕድል በሚሰጠው የመንግሥት ቦርድ ውስጥ ጥሩ ሥራ ያገኛል። ጉቦን ይጸየፋል። ጉቦ የሚበሉት ከታች ተነሥተው በጉቦ እየተገፉ ላይ የደረሱ አሮጌ ሹማምንት ናቸው፤ ከዩኒቨርሲቲ በቀጥታ ከፍ ያለ ቦታ የሚይዝ ወጣት ግን እጁን ንጹሕ አድርጎ መሥራት ይችላል ብሎ ያምናል። መጽሐፉ የሚከፈተው ግን ይኸው ወጣት በጉቦ ተከሶ ችሎት ፊት ቆሞ ነው። ዳኛው፣ ይህን ያህል የተማረና ተስፋ የተጣለበት ሰው እንዴት እንዲህ ሊያደርግ እንደቻለ አልገባኝም ይላል። የቀረው መጽሐፍ በሙሉ ዳኛው ላልገባው ነገር የተሰጠ መልስ ነው።

እዚህ ላይ አቼቤ ቀድሞ ያደረገውን ይመልከቱ። ኦቢ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ቤተሰቡን ለማየት በጭነት መኪና ወደ መንደሩ ይሄዳል። መንገድ ላይ ፖሊሶች መኪናውን ያስቆማሉ። ረዳቱ እንደ ልማዱ ሁለት ሽልንግ ሊያቀብል ሲል ኦቢ ፖሊሱን አፍጥጦ ያየዋል። ፖሊሱ ይደነግጥና ሕግ አክባሪ ይሆናል፤ ሾፌሩ ላይ ጥፋት ይደረድራል። መኪናው ትንሽ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ ረዳቱ እየሮጠ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ፖሊሱ አሁን ዐሥር ሽልንግ ይቀበላል። ሾፌሩ በኦቢ ላይ ይነድዳል፤ ሁለት ሽልንግ ልንሰጠው ስንል ምን አድርግ ብሎህ ነው ያፈጠጥክበት? ይህን የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ረዳቱም ትራፊክ ፖሊሱም ዓይኑ ላይ ይመጡበታል። የኦቢ ሐቅ የጉቦውን ዋጋ አምስት እጥፍ አደረገው፤ ከኪሱ ያወጣው ግን ሾፌሩ ነው። ተሳፋሪው ሐቀኛ ሰው አጠገቡ በመቀመጡ ምንም አልተጠቀመም።

ይህ ትዕይንት ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል ኦቢ የሚያምንበትን ነገር በተግባር ያሳየናል። በሌላ በኩል ደግሞ ሐቁ ገና ምን ያህል ርካሽ እንደሆነለት ያሳየናል፤ ዕዳ ሳይጀምረው፣ ቤት ሳይዝ፣ በሰው መኪና ላይ ተቀምጦ ነውና ያፈጠጠው። አንባቢው «እስቲ የራስህ ጊዜ ሲደርስ እናይሃለን» ብሎ መጠበቅ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰሎሞን እንዲህ ያለ ትዕይንት የለውም። ለምሳሌ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ያልሠራችውን ትርፍ ሰዓት እንዲያጸድቅላት ትለምነው። ለልጇ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው፤ ሁሉም ሰው ሲፈርምላት ኖሯል። እሱ አይፈርምም። ልክ ነው፤ ሴትዮዋ ግን ማዕዘን ላይ ቆማ ስታለቅስ ይያት። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ሰላምታ ይቀንስበት። በዘጠነኛው ምዕራፍ ሚሊዮኖች ያሉበት ወረቀት ላይ ሲፈርም አንባቢው ያቺን ሴት ያስታውሳል፤ እርስዎ አንድ ቃል መናገር አያስፈልግዎትም።

ወደ ውድቀቱ ስንመጣ፣ ኦቢን የጣለው አንድ ሰይጣን አይደለም። የማኅበሩ ብድር በየወሩ 20 ፓውንድ ይፈልጋል። ወላጆቹ ይጠብቃሉ፤ የታናሽ ወንድሙ የትምህርት ቤት ክፍያ አለ፤ የመኪናው ኢንሹራንስ 40 ፓውንድ ይዞ ከች ይላል፤ የገቢ ግብር አለ፤ የመብራት አለ። ሥራው ራሱ መኪና ያለው፣ አሽከር የሚያስተዳድር ሰው እንዲሆን ይጠብቅበታል። በዚህ ላይ የሚወዳት ክላራ ከማኅበረሰቡ የተገለለ ዘር ልጅ ናት፤ ማኅበሩ ይህን ሲያነሣበት ተቆጥቶ፣ ዕዳውን ለመክፈል የተሰጠውን የአራት ወር ፋታ ጥሎ ይወጣል። ይህ የመጽሐፉ ትልቁ ብልሃት ይመስለኛል። ኦቢ ለጉቦ የተጋለጠው በከፊል በጎ በሆነው ጠባዩ ምክንያት ነው፤ ለሚወዳት ሴት ተከራክሮ ዕዳው ጠነከረበት።

ሰሎሞን ግን በረቂቅዎ ውስጥ የወር ወጪ የለውም። ደመወዙ ስንት ነው? የቤት ኪራዩስ? አያቱ ሲታመሙ መድኃኒት የሚገዛው ማን ነው? ዕቁብ ገብቷል? እነዚህን በዝርዝር ያውቋቸው፤ ሁሉንም መጻፍ የለብዎትም፣ አንባቢው ግን በወሩ ሃያኛ ቀን ሰሎሞን ምሳውን ምን እንደሚበላ ማወቅ አለበት።

የመጀመሪያው ትልቅ ጉቦ ትዕይንትም አለ፤ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ የማነበው እሱን ነው። አንድ ሰው ኦቢ ቤት መጥቶ 50 ፓውንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥለትና ይሄዳል። ኦቢ «እሺ» አላለም። ገንዘቡን አንሥቶ ለመመለስም ከመቀመጫው አልተነሣም። ብሩ ቀኑን ሙሉ፣ ከዚያም ሌሊቱን እዚያው ተቀምጦ ያድራል። ኦቢ ያደረገው ነገር ቢኖር ጋዜጣ ደርቦበት በሩን መዝጋት ነው። ለራሱ፣ አስፈሪ ነገር ነው ይላል። ሌሊት ባንኖ ይነቃል። ጋዜጣዋን ልብ ይበሉ። አቼቤ ስለ ሕሊና አንድ አንቀጽ አልጻፈም፤ አንድ ሰው ሊያየው ያልፈለገውን ነገር በምን እንደሸፈነው ብቻ ጻፈ። ስምምነቱ የተፈጸመው ኦቢ ምንም ባላደረገበት ሰዓት ነው። በእውነተኛው ዓለምም አብዛኛው እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ሰው «ከዛሬ ጀምሮ አድር ባይ እሆናለሁ» ብሎ አይወስንም፤ መነሣት በነበረበት ሰዓት ተቀምጦ ይቀራል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ደግሞ ብዙ ጸሐፊ ይዘለዋል። ኦቢ ጉቦ መቀበል ከጀመረ በኋላም የራሱ ሕግ አለው፤ ለነፃ ትምህርቱ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ መስፈርት ከማያሟላ አመልካች ምንም ቢሰጠው አይቀበልም። በዚህ ላይ ፍንክች አይልም። ለእኔ ይህች አንዲት ዝርዝር ከሙሉ የጸጸት ምዕራፍ ትበልጣለች። ያመነበትን የተወ ሰው ሁልጊዜ አንድ ጥግ ያስቀራል፤ «እኔ እንደነሱ አይደለሁም» የሚልበት። ሰሎሞንም ይኑረው። ምናልባት በመድኃኒት ግዢ ላይ እጁን አያስገባም። ምናልባት ገንዘብ አይነካም፤ ሹመቱን ብቻ ነው የሚቀበለው፤ በዚህም ራሱን ንጹሕ አድርጎ ይቆጥራል። ያቺን ጥግ ያግኙለትና አጥብቆ ሲጠብቃት ያሳዩን።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ገንዘብ ነው። የእርስዎ ሰው ግን በዋናነት የሚፈርመው ከሌሎቹ ጋር ለመመሳሰልና ለመሾም ነው፤ ይህ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው። ሊዮ ቶልስቶይ በ1886 በታተመው «የኢቫን ኢሊች ሞት» ውስጥ በጥቂት መስመሮች ያስቀምጠዋል። ኢቫን ኢሊች የሕግ ትምህርት ቤት ተማሪ ሳለ ቀድሞ አስጸያፊ የሚመስሉትን ነገሮች አደረገ፤ ሲያደርጋቸውም ራሱን ተጸየፈ። ቆይቶ ግን ትልልቅ ሰዎች ያንኑ እንደሚያደርጉና እንደ ነውር እንደማይቆጥሩት ሲያይ፣ ጥሩ ነው ብሎ ባያምንም ጨርሶ ረሳው። ማስፈራራት የለም፤ መደለያም የለም። ወጣቱ ቀና ብሎ የበላዮቹን ፊት አየ፤ እዚያ ላይ እፍረት ስላጣ የራሱን አጠፋ። በመሥሪያ ቤት ውስጥ ይህን ለማሳየት አንድ የምሳ ሰዓት ይበቃል። ሰሎሞን የሚያከብራቸው፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ በሥራቸው የተመሰገኑ ባለሙያ ስለ አንድ የድሮ ጨረታ እየሣቁ ያውሩ፤ ሁሉም አብሮ ይሣቅ፤ ሰሎሞንም ትንሽ ዘግይቶ ይሣቅ።

አለቃዎን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። በየረቂቁ የማገኘው ሥራ አስኪያጅ ሆዱ የተገፋ፣ ውስኪ የሚጠጣ፣ ጠረጴዛ የሚደበድብ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲያስፈራራ የፈረመ ገጸ ባሕርይ ተጠቂ ይሆናል፤ ተጠቂ ደግሞ አንባቢውን ስለራሱ እንዲጠይቅ አያደርገውም። ሰሎሞንን የሚያስፈርመው ሰው ውለታ የዋለለት ቢሆንስ? የተቀጠረ ዕለት ወንበር ያመጣለት፣ አያቱ ሲታመሙ በራሱ መኪና ሆስፒታል ያደረሰ፣ ልጁን ክርስትና ያነሣለት ሰው? በእኛ ቢሮዎች ከማስፈራሪያ ይልቅ ይሉኝታ ብዙ ፊርማ አስፈርሟል። «እሱን እንዴት እምቢ እላለሁ?» የሚለው ጥያቄ ሰሎሞንን ከደግነቱ በኩል ይይዘዋል፤ አያቱ ያስተማሩትም ውለታ መላሽ መሆንን ነበር። ስለዚህ አያትየው በመጽሐፉ ውስጥ ሰሎሞንን የሚያድኑት ብቻ ሳይሆኑ ሳያውቁት የሚያስፈርሙትም ይሆናሉ። ይህ የእርስዎን ረቂቅ ከሌሎቹ ሊለየው የሚችል ነገር ነው።

ቤተሰብም እንደዚሁ። በዓሉ ግርማ በ«ከአድማስ ባሻገር» አበራ ወርቁን ሠዓሊ ከመሆን ምኞቱ ጋር የሚያጋጨው ጠላት አይደለም፤ ደኅና ሥራ ይዞ፣ አግብቶ፣ ወግ ማዕረግ እንዲያይ የሚመኝለት የገዛ ታላቅ ወንድሙ ነው። ፍቅር ያለበት ግፊት ከጥላቻ ግፊት ይልቅ ለመቋቋም ይከብዳል። ሰሎሞን ለበዓል አገር ቤት ሲገባ አክስቱ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብላ እየሣቀች ታጉርሰው፤ የጎረቤቱ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ቤት መሥራቱን ትንገረው። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ትወደዋለች።

አሁን አንባቢዎችዎ ሳይናገሩት የጎደለባቸው ወደሚመስለኝ ዋና ነገር ልምጣ። ሰሎሞን ሲፈርም የሚጎዳው ማን ነው? በረቂቅዎ ውስጥ መልሱ «ሕዝብ» ነው። ሕዝብ ደግሞ ፊት የለውም። እንግሊዛዊው ጸሐፊ ካዙኦ ኢሺጉሮ በ1989 ባሳተመው «ዘ ሪሜይንስ ኦቭ ዘ ዴይ» የሠራውን ላስታውስዎ። ስቲቨንስ በአንድ የእንግሊዝ ጌታ ቤት የአሽከሮች አለቃ ነው። በ1930ዎቹ ጌታው በፋሺስት ወዳጆቹ ተጽዕኖ ሥር ወድቆ ሁለት ገረዶችን አይሁድ በመሆናቸው ብቻ እንዲያባርር ያዝዘዋል። ሩትና ሣራ ይባላሉ፤ በሥራቸው እንከን የለባቸውም። ስቲቨንስ በልቡ አልተቀበለውም። ነገር ግን የቤቱ ኃላፊ ከሆነችው ከሚስ ኬንተን ጋር እንደ ወትሮው ማታ ኮኮዋ እየጠጡ የዕለቱን ሥራ በሚወያዩበት ሰዓት፣ ልክ እንደ ዕቃ ግዢ ጉዳይ አድርጎ ይነግራታል። እሷ ኃጢአት ነው ትለዋለች፤ እነሱ ከሄዱ እኔም እሄዳለሁ ትላለች። እሱ ውሳኔው የጌታችን ነው ይላል። ልጆቹ ይባረራሉ። ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ጌታው ሲጸጸት፣ ስቲቨንስ እሱም ያኔ አዝኖ እንደነበር ለሚስ ኬንተን ይነግራታል፤ እሷም ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም፣ ለምን ሁልጊዜ ታስመስላለህ ብላ ትጮኽበታለች።

ስቲቨንስ በዚያች ማታ ብር አልተቀበለም፤ አልተሾመምም። ያገኘው ነገር ቢኖር እንከን የለሽ አሽከር ሆኖ መቀጠሉ ነው። ዋጋውን ግን ሁለት ስም ያላቸው ልጆች ከፍለውታል። እንደ እኔ እምነት አንድ ሰው ለዕድገት ሲል ራሱን መሸጡን የሚያሳይ ልብ ወለድ የሚቆመውም የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ባለ ታሪኩ ሕሊናውን ሸጠ እንላለን፤ ሲሸጥ ግን ሁልጊዜ ከራሱ ዕቃ ጋር የሌላ ሰው ዕቃ ቀላቅሎ ነው።

ለሰሎሞን ያ ሰው አጠገቡ አለ፤ እርስዎ አልተጠቀሙበትም እንጂ። በረቂቅዎ በአራተኛው ምዕራፍ አንድ የመጋዘን ሠራተኛ በሩቁ ያልፋል። ፓምፖቹ ሲመጡ ተረክቦ ሞዴል 19 የተባለውን የንብረት መረከቢያ ደረሰኝ የሚቆርጠው እሱ ነው። ጨረታው የተሰጠው ከዝርዝሩ በታች የሆነ ዕቃ ላቀረበ ድርጅት ከሆነ፣ ፓምፖቹ መጋዘን በር ላይ ሲራገፉ የሞተሩ ጉልበት ከውሉ ጋር አይገጥምም። የመጋዘን ሠራተኛው ሁለት ምርጫ አለው፤ አልረከብም ብሎ ከነሰሎሞን ፊርማ ጋር መጋፈጥ፣ ወይም ሞዴሉን ቆርጦ ነገሩን በራሱ ስም ማስገባት። ኦዲት ሲመጣ በመጀመሪያ የሚጠየቀው ደግሞ እሱ ነው። የሰሎሞን ፊርማ ሌላ ሰው እንዲፈርም ያስገድዳል ማለት ነው። ይህ ሰው ቀደም ባሉት ምዕራፎች ከሰሎሞን ጋር ምሳ ይብላ፤ ሽሮውን ያካፍለው፤ ስለ ሴት ልጁ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ያውራለት።

የፊርማውን ትዕይንት እንዴት እንደማስበው ባጭሩ ልጻፍልዎ። እንዳለ ይቅዱት ማለቴ አይደለም፤ ድምፁን እንዲሰሙት ነው።

«ሐሙስ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ጸሐፊዋ ሰማያዊውን ክላሰር ይዛ ገባች። ቃለ ጉባኤው ተተይቧል። አራቱ ፈርመዋል፤ የሰብሳቢው ፊርማ እንደ ወትሮው ከመስመሩ ወጥቷል። ሰሎሞን ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ። የቴክኒክ ግምገማው ላይ እሱ የሰጠው ነጥብ 61 ነበር፤ አሁን 81 ይላል። ‹የልዩነት ሐሳብ ካለ› ከሚለው ሥር ሦስት ባዶ መስመር አለ። ‹ጋሼ ሰርቪስ እንዳያመልጣቸው እየጠበቁ ነው› አለች ጸሐፊዋ። እስክሪብቶውን ፈለገ። አጥቶት የእሷን ተዋሰ።»

አለቃው ክፍሉ ውስጥ የለም። ማስፈራሪያ የለም። የሚጣደፈው ሰርቪስ ነው። ሦስቱ ባዶ መስመሮች ግን አሉ፤ ሕጉ ራሱ ለሐቁ ቦታ ትቶለታል፤ «የልዩነት ሐሳቤ ይመዝገብልኝ» ማለት ይችል ነበር። አንባቢው እነዚያን መስመሮች አይቶ ዝም ካለ ትዕይንቱ ሠርቷል። ስለዚህ ከፊርማው በኋላ ሰሎሞን መስኮት አጠገብ ቆሞ ስለ አያቱ የሚያስብበትን ገጽ ተኩል ያውጡት። ይልቁንስ በማግሥቱ ጠዋት ምን እንዳደረገ ያሳዩን። ምናልባት ከወትሮው ቀድሞ ቢሮ ይገባል፤ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ ለተላላኪው ቡና ይጋብዛል።

ወደ ሕይወት እንሂድ። የምታሰለቸው ሐቀኛ ስለሆነች አይደለም፤ ሐቋ ምንም ስለማያስከፍላትና ሁልጊዜ ትክክለኛውን ቃል ስለምትናገር ነው። ጋናዊው አዪ ክዌ አርማ በ1968 ባሳተመው ልብ ወለድ ውስጥ ስሙ የማይጠራ የምድር ባቡር ጸሐፊ አለ። የእንጨት ነጋዴ የሚያቀርብለትን ጉቦ እምቢ ይላል። እቤቱ ሲገባ ግን ሚስቱ፣ አብሮት የተማረው ሰው ሚኒስትር ሆኖ ሚስቱን እንዴት እንደሚያኖር እያነጻጸረች ታደማዋለች። ሰውየው ቀስ በቀስ እምቢተኝነቱ በቤተሰቡ ላይ የፈጸመው በደል መስሎ ይሰማዋል። ይህን ያህል የተጨነቀ ሐቀኛ ሰው ማንንም አያሰለችም። በእኛው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ጉዱ ካሳን ይመልከቱ፤ ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ዘመድ ሆኖ ሥርዓቱን ፊት ለፊት የሚነቅፈው ሰው ያተረፈው ነገር «ዕብድ» መባል ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ እውነቱን በዚህ ሰው አፍ ሲያስነግሩ፣ ሰሚው «ጉዱ» ብሎ እንዲያልፈው ማድረጋቸው ነው እውነቱን ከስብከት ያተረፈው።

ሕይወትም እንዲሁ ትከፈልበት። ቅርንጫፍ ትዛወር፤ ወይም ባልደረቦቿ «ተመጻዳቂ» ይበሏት፤ እሷም ትምረር፤ በምሬቷ አንድ ያልተገባ ነገር ታድርግ። ወይም ከዚህ በላይ ይድፈሩ፤ እንደ ሚስ ኬንተን ትሁን። ኬንተን እሄዳለሁ ብላ ዝታ አልሄደችም። የምትሄድበት ስላልነበራት ፈራች፤ ቆይታም ፈሪ ነበርኩ ብላ በራሷ አፍ ተናገረች። እሷና ስቲቨንስ ያደረጉት ነገር በውጤቱ አንድ ነው፤ ልዩነታቸው እሷ ስላደረገችው ነገር ራሷን አለመዋሸቷ ነው። ሕይወት «አልፈርምም» ብላ ወጥታ ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳ ብትፈርምና ለሰሎሞን «እኔም ፈረምኩ» ብትለው፣ በመጽሐፉ ውስጥ ሰሎሞን የማይወጣው ትዕይንት ይሄ ይሆናል።

ስለ መታሰሩ። አቼቤ ኦቢን ለፍርድ አቅርቦታል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ገጽ ነው። «ይያዝ ይሆን?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድሞ ገደለና አንባቢው «እንዴት?» በሚለው ላይ ብቻ እንዲቆይ አደረገ። እርስዎ እስሩን መጨረሻ ላይ ካመጡት ፖሊስ የእርስዎን ሥራ ይሠራልዎታል፤ አንባቢውም «ሥራው ያውጣው» ብሎ መጽሐፉን ዘግቶ ይተኛል። ግብፃዊው ናጊብ ማሕፉዝ በ1945 በታተመው «አዲሲቱ ካይሮ» የተባለ ልብ ወለዱ የተሻለ ነገር አሳይቷል። ማሕጁብ አብደል ዳይም የሚባል ድሃ ተማሪ አባቱ ታሞ ከሥራ ይወድቅና ረኃብ ይበላዋል። ሥራ ለማግኘት ሲል የአንድ ትልቅ ባለሥልጣን ውሽማ የሆነችን ልጅ ለይስሙላ ሊያገባ ይስማማል። አንባቢው ሊፈርድበት ሲል የታመመውን አባት ያስታውሳል። ነገር ግን ማሕጁብ ሹመቱንና ደመወዙን ካገኘ በኋላ ለወላጆቹ ገንዘብ አይልክም። ምክንያቱ ሞተ፤ ጠባዩ ቀረ። ጉዱ ሲፈነዳም ቅጣቱ ወደ አስዋን መዛወር ብቻ ነው።

ኦቢም ዘንድ ይኸው አለ፤ በጉቦው ገንዘብ የባንክ ዕዳውን ከፈለ፤ ከዚያ በኋላ ግን አላቆመም። በእርስዎ ረቂቅ ውስጥ ከዐሥረኛው ምዕራፍ በኋላ ያለው ክፍል የሳሳው ለዚህ ይመስለኛል። እኔ ባልኩት መንገድ ከሄዱ ሰሎሞን የፈረመው ለአያቱ ሕክምና፣ ለአለቃው ውለታ፣ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው ብሎ ነው። አያቱ ይዳኑ ወይም ይሙቱ። አለቃው ይዛወር። አሁን ማንም አያስገድደውም፤ ሁለተኛው ክላሰር ግን ይመጣል። የመጽሐፉ የመጨረሻ ሦስተኛ ክፍል ስለዚያ ክላሰር ይሁን። እስር ቤቱን ከፈለጉ የመጋዘን ሠራተኛው ይግባበት፤ ሰሎሞንም እንደ ምስክር ይጠራና ቃሉን ሲሰጥ እንስማው።

ለማረም ሲቀመጡ ከሦስተኛው ምዕራፍ፣ ከጽዳት ሠራተኛዋ ይጀምሩ። ቀጥሎ የሰሎሞንን የወር ሒሳብ ለራስዎ በወረቀት ላይ ይሥሩት፤ ከዚያ የመጋዘን ሠራተኛውን ስም ይስጡትና አራተኛውንና ስድስተኛውን ምዕራፍ በእሱ ዙሪያ እንደገና ይጻፉ። ዘጠነኛውን መጨረሻ ላይ፣ አሮጌውን ሳያዩ ይጻፉት። ንግግሩና ማስፈራሪያው ሲወጣ ከ20 ገጽ ወደ 6 ወይም 7 ቢወርድ አይደንግጡ፤ የተረፈውን ገጽ ለሁለተኛው ክላሰር ያስፈልግዎታል።